ሰፌድ ላይ የተለቀመ ቀለህ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2013 ሰመር ላይ ነው። ዛሬም ድረስ ምስር ልለቅም ሰፌድ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመራት» ይላል። ይበል! እሱ እዚያ አልነበረም።

የምኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አየር ማረፊያ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ኢላማ እተኩሳለሁ። አዎ፣ በጠመንጃ። «ሴት ልጅ ምን ነካት?» የሚል ካለ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።

ያስጀመሩኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ አገር ቤት ወታደር ቤት የጦር መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን ያረፍኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሳቸውና ልጃቸው ቤዛ ቤት ነበር።

ጋሼ ቤዝመንት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አላቸው። እዚያ ላይ ጥይት ይሞላሉ። ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ ቀለሁን፣ ባሩዱን፣ አረሩንና ከቀለሁ ቂጥ የምትገባውን ትንሽ መቀጣጠያ ለየብቻ ገዝቶ ቤት ውስጥ መግጠም ነው። እዚህ አገር የተፈቀደ ነው፤ ኢላማ ተኳሽ ሁሉ ይወደዋል። ጋሼ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ ደስ የሚላቸው ነገር አልነበረም። የኔንም ጥይት የሚሞሉልኝ እሳቸው ነበሩ።

ቤዛ ግን ጠረጴዛውን አትወደውም። እውነቷን ነው፤ ነርስ ናት፣ አባቷ ደግሞ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል፣ እጃቸውም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «አንድ ስህተት ካየሁ ሁሉንም አውጥቼ ነው የምሸጠው» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች።

ያ ዓመት ጥይትም፣ የጥይት ዕቃም ከገበያ የጠፋበት ነው። ጋሼ የለመዱትን ቀለህ ሲያጡ ከኢላማ ክለባችን ሱቅ የማናውቀው ፋብሪካ የሠራውን አዲስ ቀለህ አገኙ። አንድ ከረጢት ገዙና ከሱ ላይ ሞሉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ውድድር ነበረን። ክለባችን ከውድብሪጅ ወዲያ ነው። ቤዛ ከሥራ ኦፍ ስለነበረች አባቷን ነድታ መጣች። ተራዬ ደረሰ፤ በደረቴ ተኛሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ቃታ ሳብኩ። የጠበቅኩት ጩኸት የለም። «ጧ» ብላ ቀረች፤ የፈነዳችው መቀጣጠያዋ ብቻ ናት።

የተኩስ ሜዳው ኃላፊ ዴል ሮጦ መጣ። ግንድ የሚያክል ፈረንጅ ነው። ትንሽ አስጠብቆኝ ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣው። አረሩ ከቀለሁ ንቅንቅ አላለም። ጥይቴን ማን እንደሚሞላልኝ ክለቡ በሙሉ ያውቃል። ዴል ወደ ጋሼ ዞረና ሰው ሁሉ እየሰማ «ባሩድ መጨመር ረስተሃል» አላቸው።

ጋሼ ጉዳቸውን የሠሩት እዚህ ላይ ነው። የኛ ሰው ይሉኝታ የታወቀ ነው መቼም! ውድድሩ ቆሟል፣ ከኋላ ሰው ተራ ይጠብቃል፤ እሳቸው ደግሞ በሳቸው ምክንያት ሰው ከሚጉላላ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። በቃ! እኛ ዘንድ ቢሆን «ኧረ ምንም አይደል፣ ማንም ላይ ይደርሳል» ተብሎ ይታለፋል። ዴል ግን ሰውየው ራሱ አመነ ብሎ፣ ጋሼ የሞሉት ጥይት ከዚያ ቀን ጀምሮ ክለቡ ውስጥ እንዳይተኮስ ከለከለ።

 መኪናቸው ጋ ስንደርስ ቤዛ «ዳድ፣ በቃ። ኢትስ ኦቨር» አለች። ጠረጴዛውን ከነዕቃው በሚመጣው ሳምንት ልትሸጠው እንደሆነ ነገረቻቸው።  የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። 

ጥይቷ እኔ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ያልተተኮሰ ጥይት ይዞት የሚሄደው ባለቤቱ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ከንዴቴ የተነሳ በእጄ ሳገላብጣት ነቅነቅ አደረግኳት። ውስጧ አንድ ነገር ሽሽ አለ። ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁና ደግሜ ነቀነቅኳት። ሽሽ፣ ሽሽ። ኧረ ባሩድ ነው! ባሩዱ እዚህ ካለ ጋሼ የረሱት ምኑን ነው?

ተከትያቸው እቤታቸው ድረስ ነዳሁ። ጋሼ ቤዝመንት ወርደው፣ ከነባርኔጣቸው፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይቺን ይክፈቱልኝ።»

«ተይው ልጄ። አርጅቻለሁ፣ ረስቼ ይሆናል።»

«ይክፈቱልኝ ካልኩ ይክፈቱልኝ!»

እሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እሳቸውም ደንግጠው መሰለኝ አረሩን ነቀሉት። ባሩዱ ወረቀት ላይ ዝርግፍ አለ። ትንሿ ሚዛናቸው ላይ አደረጉት፤ ልክክ ያለ ነው። መጀመሪያ ሚዛኑን አዩት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «አልረሳሁም» አሉ። 

ታዲያ ምን ሆና ነው? ባዶውን ቀለህ አምፖሉ ሥር ይዘን ውስጡን አየነው። ቀለህ ከሥሩ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ የመቀጣጠያዋ እሳት ወደ ባሩዱ የሚያልፈው በሷ ነው። ይሄኛው ቀዳዳ የለውም። ድፍን! ፋብሪካው ሳይበሳው ነው የሸጠልን።

«እና የረሳው ሌላ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ።

ከረጢቱ ውስጥ ገና ያልተሞሉ ቀለሆች ነበሩ። ኩሽና ወጣሁና የቤዛን ሰፌድ ይዤ ወረድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ቀለሆቹን ዘረገፍኳቸው። በቃ፣ እንደ ምስር መልቀም ያዝኩ። አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አነሳለሁ፤ ብርሃን የሚያሳየውን ወደዚህ፣ ዕውሩን ወደዚያ። እናቴ ምስሯ ውስጥ አንዲት ጠጠር ካገኘች ሳምንት ሙሉ የምትቆጣ ሴት ነበረች። ያ ሁሉ ቁጣ ለዚህ ቀን ኖሯል!

ቤዛ ጩኸቴን ሰምታ ወረደች። «ሮሚ፣ በሰፌዴ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቁጭ በይና ልቀሚ» አልኳት።

ግራ እየገባት ተቀመጠች። አንዱን አንስታ አየች፤ ብርሃን አለው። ሌላ አነሳች፤ ጨለማ። ሌላ፤ አሁንም ጨለማ። ዕውሮቹ እፍኝ ሲሞሉ እጇ ቆመ። ባሩዱ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ነው፤ እሱንም አየችው። ነርስ አይደለች፣ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ሁልጊዜ «ዳድ» የምትላቸው ልጅ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሦስታችንም አለቀስን፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችንም ክለብ ሄድን። ዕውሮቹን ከነሰፌዱ ተሸክሜ ገባሁና ዴል ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረግኩለት። ሚዛን ላይ የወጣውን ባሩድና የተከፈተችውንም ጥይት አጠገቡ ደረደርኩ። ዴል መነጽሩን አደረገ። አንዱን ቀለህ ወደ ፀሐይ አነሳ፣ ሌላውንም አነሳ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ግን ሰው ነው፣ አልሸሸም። ማይኩን አንስቶ ክለቡ በሙሉ እየሰማ ጋሼን ይቅርታ ጠየቀ። ክልከላውን አነሳ። ከዚያ ቀለህ የገዛ ሁሉ ሳያጣራ እንዳይተኩስበት አስጠነቀቀ። ሰዉ ወደየመኪናው ተሯሯጠ፤ የየራሱን ከረጢት እያመጣ ወደ ፀሐይ ማየት ጀመረ። «እኔም ጋ አለ!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው መጣ። በኋላ ፋብሪካውም ጥፋቱን አምኖ የሸጠውን ሰበሰበ፣ ለጋሼም አዲስ ቀለህ ላከላቸው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስና፣ ዴል ማይኩን ለጋሼ ሰጣቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አወቅኩባቸው! አሁንም «ጥፋቱ የኔ ነው» ሊሉ ነው። ግራ እግራቸውን ረገጥኩት። ለካ ቤዛም በቀኝ በኩል ረግጣቸዋለች። ሁለት እግራቸው ተይዞ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆሙና በእንግሊዝኛ «ባሩድ አልረሳሁም» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ጭብጨባው ሜዳውን አናጋው።

በዚያን ቀን ውድድር፣ ጋሼ ብርሃን ካሳዩት ቀለሆች ላይ በሞሉት ጥይት ተኩሼ አንደኛ ወጣሁ። ዋንጫውን አሌክሳንድሪያ አልወሰድኩትም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ነው ያስቀመጥኩት።

አሁንም ሳስበው ደስታው ትኩስ ነው። ጠረጴዛው አልተሸጠም። ሰፌዱም ቤዝመንት ቀረ፤ ቤዛ ለኩሽናዋ ሌላ ገዛች። የክለቡ ሰዎች አዲስ ቀለህ ሲገዙ ጋሼ ጋ ይዘው ይመጣሉ፤ ቀድሞ የመጣውም ዴል ነው። ያ ግንድ የሚያክል ሰው ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ ሲለቅም ማየት ነበር!

ጋሼ ያችን ልማዳቸውን ጨርሰው አልተዉም። ግን አሁን «ጥፋቱ የኔ» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እኔና ቤዛ አጠገባቸው ካለን፣ መጀመሪያ እግራቸውን ይሰበስባሉ።