የቀይ መጋረጃ ኮፒ ተሸካሚ

ቀይ መጋረጃ የፊልምና የቴሌቪዥን አከፋፋይ ድርጅት ሲባል የሰማ ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል። ጦር ኃይሎች ሰፈር ከአንድ የሚስማርና የቆርቆሮ መደብር በላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። ቀይም ሆነ ሌላ መጋረጃ አልነበራትም፤ ፀሐይ እንዳይገባ መስኮቷ ላይ የተለጠፈው ያረጀ የፊልም ፖስተር ነው። ነገሬ እዚያች ቤት አሥር ዓመት ሠርቷል፤ ስለዚህ ድርጅቱን ለመናቅ ከማንም በላይ መብት አለው።

ሥራው ኮፒ መሸከም ነበር። የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን በፈላበት በዚያ ዘመን ፊልም ሲኒማ ቤት የሚደርሰው በሰው እጅ ነው። ነገሬ ዲስኩን በጨርቅ ቦርሳ ሆዱ ላይ አስሮ ታክሲ ይሳፈራል፤ ሲኒማ ቤት ሲደርስ ከማጫወቻው ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ዲስኩን በገዛ እጁ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ሲኒማ ይሮጣል። ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ ይዞት ነው የሚሄደው። አንድ ኮፒ ለአንዲት ሰዓት ከዓይን ከተሰወረ በማግስቱ ፌርማታ ላይ በአሥር ብር ይቸበቸባላ። አዳማም፣ ሐዋሳም፣ ደሴም እንዲሁ ሆዱ ላይ አስሮ ሄዷል።

ስለ ፊልሞቹ ባይነሳ ይሻላል። አንዱን ፊልም መቶ አርባ ጊዜ ያየ ሰው አድናቂ ሆኖ አይቀርም። ሀብታም ልጅ ድሃ ልጅ ይወዳል፣ አባት ይቆጣል፣ የእናት ደም ግፊት ይነሳል፣ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ቡናማ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይላቀሳሉ። ሶፋው የኪራይ ነው። ነገሬ ያንን ሶፋ በዘጠኝ ፊልም ውስጥ አይቶታል፤ ተመልካቹም ዘጠኝ ጊዜ አልቅሶበታል።

የድርጅቱ ባለቤት ይመር ደግሞ ስለ ፊልም የሚያውቀው ርዝመቱን ብቻ ነው። ፕሮዲዩሰር ሥራውን ይዞ ሲመጣ "ስንት ደቂቃ ነው?" ይላል። ከመቶ ካነሰ "ዘፈን ጨምሩበት" ብሎ ይመልሳል። ለቴሌቪዥን ጣቢያ ሲሸጥ ያንኑ ፊልም አራት ቦታ ቆራርጦ "ተከታታይ ድራማ" ይለዋል። ቢዝነስ ካርዱ ላይ "ዋና ሥራ አስፈጻሚ" ተብሎ ተጽፏል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን ምን ሥራ እንዳስፈጸመ ነገሬ አላየም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት የፋሲካው ፊልም መጣ። ሦስት ሸሪኮች ያላቸውን ሁሉ አሟጠው የሠሩት ነው። ሲኒማ በገባ በሦስተኛው ቀን ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ላስቲክ ተነጥፎለት ሲሸጥ ተገኘ። ሲኒማ ቤቶቹ ባዶ ሆኑ፤ ሌሎቹ ፕሮዲዩሰሮችም ፊልማቸውን እየነጠቁ ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ ቀይ መጋረጃ ተዘጋ። ይመር ግን ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሥራ አስፈጸመ፦ "ኮፒው ከነገሬ እጅ ወጥቶ አያውቅም" ብሎ ጣቱን ቀሰረ። ነገሬ ፖሊስ ጣቢያ አሥራ አንድ ቀን ከርሞ ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀ። ማስረጃ የጠፋበትን ሰው ደግሞ የሰፈር ሰው ንጹሕ አይለውም፤ ጎበዝ ሌባ ነው የሚለው።

ነገሬ በተፈታ ማግስት ያንን ፊልም ከመንገድ ገዝቶ ጎረቤት ቤት አየው። እሱ ተሸክሞ የሚዞረው ኮፒ ከምስሉ ግርጌ "ለሲኒማ ቤት ብቻ" የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከስክሪኑ አይጠፋም። የመንገዱ ኮፒ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ፊደል የለበትም። ጽሑፍ የሌለበት ኮፒ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ሸሪኮቹ ራሳቸው በውል ለይመር ያስረከቡት። እሱም ይመር መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ይመር አንገት ላይ። ነገሬ ይህን ለመርማሪውም ለሸሪኮቹም ተናገረ። "ጽሑፉንማ በኮምፒውተር አስጠፍተኸው ነዋ" አሉት። ኮምፒውተር ማብራት የማይችለውን ሰው። ከዚያ በኋላ ዝም አይነቅዝም ብሎ ተወው።

አሁን ዲሽ ያስተካክላል። ከሳንሱሲ እስከ ቆሼ ማዶ ያልወጣበት ጣሪያ የለም። እሱ ጣሪያ ላይ ሳለ ታች ያለችው የቤቱ እመቤት ስልኳን ከጠረጴዛ ላይ ስታነሳ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያታል። ዲሹን አስተካክሎ ይወርዳል። በሰው ቤት እየገቡ ሠርተው ለሚያድሩ ሰዎች ስም ማለት እንጀራ ነው፤ የነገሬ እንጀራ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተቦጫጭቆ ነው የሚበላው።

እሱንም ቢሆን ለምዶት ነበር፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ይመር የነገሬ ቤተሰብ የሚያመልክበት ቸርች ባይመጣ ኖሮ። ሱፉን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ መጣና ወር ሳይሞላው ምስክርነት ሰጠ። "የሰይጣንን ፊልም አከፋፍል ነበር" አለ እያለቀሰ። ውሸት ነው፤ ሰይጣን እነዚያን ፊልሞች ቢያይ ከመሃል ተነስቶ ይወጣ ነበር። ቀጠለና፣ "አምኜ ኮፒ ያስያዝኩት ወንድሜ ዘርፎኝ ድርጅቴ ፈረሰ። ጌታ ግን ልቤን ነካውና ይቅር ብዬዋለሁ!" ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ስም አልጠራም። ዓይኑ ግን የት ላይ እንዳረፈ ሁሉም አየ። ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይመር ማይክ በያዘ ቁጥር ነገሬን ይቅር ይለዋል። ሰውየው ይቅርታውን ራሱ ማከፋፈል ጀመረ፤ ያኔ አንዱን ፊልም በአራት ይቆርጥ እንደነበረው ይቅርታውንም እየቆራረጠ በየእሁዱ ያቀርበዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የነገሬ ልጅ ኤልሻዳይ ታጨች። የቸርቹ መዘምራን መሪ ናት፤ እጮኛዋ ራዕይ ደግሞ ከቸርቹ ሽማግሌዎች የአንዱ የአቶ የኔሰው ልጅ ነው። ሠርጉ ወር ሲቀረው ፓስተር ባሮክ ነገሬ ቤት መጣ።

"ጋሽ ነገሬ፣ ሽማግሌዎቹ ቂም ባለበት ጋብቻ መባረክ ከብዷቸዋል" አለ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። "ወንድም ይመር በበኩሉ ይቅር ብሏል። እርስዎም እሁድ ወጥተው ይቅርታውን ቢቀበሉ ምን ይጎዳዎታል?"

"ሳልሰርቅ?" አለ ነገሬ።

"ስለ ስርቆቱ አንነጋገርም። ይቀበሉ ነው ያልኩት።"

የነገሬ ሚስት ጉዲቱ ልታስወጣው ቃጥቷት ነበር፤ የልጇን ፊት አይታ ተቀመጠች። ፓስተሩ ሲሄድ ኤልሻዳይ አባቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

"አባዬ፣ እንዳልሰረቅክ እኔ አውቃለሁ። ግን አንዲት ቃል ናት። ለእኔ ስትል።"

ነገሬ ልጁን ይወዳል። ስሙም ቢሆን ድሮ የተቀበረ ነው፤ አፈር ቢጨመርበት ምን ይሆናል ብሎ አሰበ። "እሺ" አላት።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ይመር መድረክ ላይ ቆሞ በመሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል፤ እንባ ግን አልነበረበትም። ነገሬ ሲወጣ ሰዉ አጨበጨበ። አቶ የኔሰው ከፊት ወንበር አንገቱን ነቀነቀለት። ይመር እጁን ዘርግቶ አቀፈውና ፊቱን አንገቱ ውስጥ ቀበረ። ሰው ሁሉ "ሃሌ ሉያ!" ሲል አፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ሹክ አለው።

"ወንድ ነህ፣ ነገሬ። እዚህ ሰው ፊት የመሳቢያዋን ነገር ባለማንሳትህ ውለታህን አልረሳም።"

ነገሬ ደረቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይኼ ሰው ሲዋሽ ኖሮ ኖሮ ውሸቱን ራሱ አምኖት ይሆናል እያለ ነበር የኖረው። ውሸቱን ላመነ ሰው ማዘን ይቻላል። ይኼኛው ግን አላመነም። በማይክ ይቅር ይለዋል፣ በጆሮ ያመሰግነዋል። ነገሬ በሕይወቱ ብዙ ሰው ንቋል፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ሰው አስጠልቶት አያውቅም። እንደ እርጥብ ጋቢ ከላዩ ገፈፈው።

ፓስተር ባሮክ ማይኩን አቀበለው። "በሉ፣ ጋሽ ነገሬ፣ ይቅርታውን ተቀብያለሁ ይበሉ።"

ነገሬ ኤልሻዳይን አያት። በነጭ ልብሷ መዘምራኑ ፊት ቆማ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቀዋለች። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበረ። ሊለው ሞከረ፤ አልወጣለትም።

"አሁን ወንድም ይመር በጆሮዬ አንድ ነገር ነግሮኛል" አለ። "እሱኑ ለጉባኤው ይድገመው፤ ከዚያ እቀበላለሁ።" ማይኩንም ለይመር ዘረጋለት።

ይመር ማይኩን ያዘ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተና፣ ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙር ጀመረ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ልማድ ሆኖበት ተከተለው። መዘምራኑ እንደ ሁልጊዜው እጇን እንድታነሳላቸው ኤልሻዳይን አዩ። ሠርጓ ወር ነው የቀረው፤ አማቿ ከፊት ወንበር ላይ ነው። ኤልሻዳይ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣመረችና አፏን ገጥማ አባቷን አየችው። ከመዘምራኑ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ኪቦርዱም ቆመ።

አቶ የኔሰው ከወንበሩ ተነሳ። "መዝሙሩ ይቆየን፣ ወንድም ይመር" አለ ረጋ ብሎ። "ምን ነበር በጆሮው ያልከው?"

ይመር ዓይኑን አልገለጠም። የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻውን ዘምሮ ጨረሰ። ሁለተኛውን ስለማያውቀው መልሶ የመጀመሪያውን ጀመረ።