አርባ ዘጠኝ ለሰማንያ አራት

ይልቃልና እኔ ባምባሲ አብረን እናስተምር ነበር፤ እሱ ኬሚስትሪ፣ እኔ ሒሳብ። ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ስሌት ብቻ ይዞ የመጣ ይመስል ነበር። «ሶዲየም ካርቦኔት 106 ነው» ይላል ለተማሪዎቹ። «ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚችል ለሁለት አካፍሉት፤ ተመጣጣኝ ክብደቱ 53። ባይካርቦኔት ግን አንድ ብቻ ነው የሚችለው፤ 84 እንዳለ ይቀራል።»

ሀዊን ሊያገባ ቀን ቆርጦ ነበር። አስፋልቱ ዳር ጸጉር ትሠራለች። የቀድሞ ባሏ ቢሻው የመኪና ባትሪ የሚሞላ ሰው ነው፤ ሳትፈታው በፊት ሁለት ጥርሷን አውልቋል። ሰው ማለቱም ይከብደኛል።

አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከይልቃል ጋር ጸጉር ቤቷ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ቢሻው ጆግ ይዞ ገባ። የባትሪ አሲዱን ፊቷ ላይ ደፋው፤ ስትወድቅ ሆዷን ረገጣት። እኔ በተቀመጥኩበት ዱካ መንጋጋውን አልኩት። አፉ በደም ተሞላ፣ አሁንም አልጸጸተኝም። ቀሚሷ በዓይናችን እያየነው ይበሳሳ ነበር። እሷ ትጮኻለች።

በሩ ላይ ሦስት ጀሪካን ውኃ ነበር። አንዷ ደንበኛ ልታነሳ ስትል ይልቃል ጮኸ፦ «ውኃ አታስነኳት! አሲድ ላይ ውኃ ከተጨመረ ይፈላል!» መምህር ነውና ሁሉም እጁን ሰበሰበ። እሱ ጀሪካኖቹን ዘሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሮጠ። ኋላ እንደነገረኝ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ ነበር፦ ሰልፈሪክ አሲድ 98፣ ግማሹ 49። አሲዱን ለማርከስ ካርቦኔት ራሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ባይካርቦኔት ይሻላል። ለአርባ ዘጠኝ ግራም አሲድ ሰማንያ አራት።

እኔ ቢሻውን አንቄ መሬት ላይ ይዤዋለሁ። ውኃ የምትሸጠው ሲትና የይልቃልን ክልከላ አልሰማችም፤ ዘግይታ ደረሰች። በተሰባበረ አማርኛዋ «ምን ቆሞ ታያላችሁ?» አለችና ጀሪካኑን ገለበጠችባት። «አይን ክፈት፣ ልጄ፣ ክፈት!» ሦስቱንም ጨረሰች።

ይልቃል የባይካርቦኔቱን ብልቃጥ ታቅፎ ሲመለስ ደቂቃዎች አልፈዋል። ስሌቱ ልክ ነበር። የቀኝ ዓይኗ ግን ጠፍቶ ነበር።

ቢሻው ታሰረ። አሶሳ ሆስፒታል ሐኪሙ፣ ወዲያው ውኃ ቢፈስባት ኖሮ ሁለቱም ዓይኖቿ ይተርፉ ነበር አለን። ይልቃል ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ «ሀዊ፣ የምነግርሽ አለኝ፤ ውኃውን የከለከለው…» ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አልታየኝም እንጂ» አለችው፣ «ድምፅህንማ ሰምቻለሁ።»