የሳሎናችን ቀንድ አውጣዎች

ባለቤቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ እኔ ነርስ። በደርግ ጊዜ ሁለታችንም ሚዛን ተፈሪ ተመድበን፣ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። ከባለቤቴ ጋር ቼዝ የሚጫወት አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ትቶለት ሄደ። ዓሣ ማርቢያ ነው። አገር የሚለቅ ሰው ለወዳጁ ብርድ ልብስ ይተዋል፣ ድስት ይተዋል። ለእኛ የደረሰን ገንዳ ነው።

ገንዳው ያለችን አንዲት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እንበላ ጀመር። ባለቤቴ በቴፒ መንገድ ወርዶ፣ ጣት ጣት የሚያካክሉ ዓሣዎች ከወንዝ አጥምዶ በጀሪካን ይዞ መጣ። ሰንበት ብሎ ደግሞ "ዓሣ ጥላ ይፈልጋል" አለና ከረግረግ የውኃ ሣር ነቅሎ ተከለላቸው። ቀንድ አውጣዋ የመጣችው ከሣሩ ጋር ነው።

መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ምስር የምታህል ነገር መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትሳባለች። ላወጣት እጄን ስሰድ ባለቤቴ ከለከለኝ።

"ተያት፣ መስታወቱን ታጸዳልናለች።"

"ብትራባስ?"

"አንድ ናት እኮ። ብቻዋን ምን ታመጣለች?"

ምን እንደምታመጣ ብዙም ሳይቆይ አየን። መስታወቱ ላይ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር ተለጠፈ፤ ውስጡ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጉሊ መነጽር ይዞ መጥቶ አፍጥጦ ሲያየው ዋለ። የዚህ ዓይነቱ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ስለሆነ ብቻውን ሊራባ እንደሚችል ትዝ ያለው ያኔ ነው። ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው። "ዘንግቼው ነው" አለኝ፣ ያውም ፊቱ በደስታ በርቶ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእነሱ ሆነ። ሣሩን በልተው ጨረሱት። በገንዳው አፍ እየወጡ በጠረጴዛው እግር ይወርዱ ጀመር፤ አንዱን ሬዲዮው ላይ፣ ሌላውን የሥራ ጫማዬ ውስጥ አገኘሁት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በጭልፋ እየጨለፍኩ አወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ ያወጣሁ አይመስልም። እኔ ስጨልፍ ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ "ቀስ በይ፣ ዓሣዎቹን ታስደነግጫቸዋለሽ" ይለኛል።

ይህንንም በቻልኩት። ነገር ግን በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ጠዋት ትምህርት የምሰጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስለ ቢልሃርዝያ አስተማርኩ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ በኩል ነው፣ ልጆቻችሁን ቀንድ አውጣ ካለበት ውኃ አርቁ አልኩ። ገበያ ላይ ጎደሬ የምትሸጥ ጎረቤታችን ልጇን ታቅፋ ከፊት ተቀምጣ ነበር። እጇን አወጣች።

"ሲስተር፣ ታዲያ እናንተ ለምን ታረቧቸዋላችሁ?"

በረንዳው ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለምሳ ቤት እንደገባሁ ዛሬውኑ ይውጡልኝ አልኩት። እሱ ግን በእርጋታ ማስረዳት ያዘ፦ የእኛዎቹ ቢልሃርዝያ ከሚያስተላልፈው ዝርያ አይደሉም፤ ቢሆኑም እንኳ የታመመ ሰው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ካልገባበት ውኃው በሽታ አይኖረውም። ልክ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው።

"እኔን ምን ታስረዳኛለህ? በረንዳው ላይ ላሉት አስረዳ" አልኩት።

ለመገላገል የተናገርኩትን የምሩን ወሰደው። በማግስቱ ቀንድ አውጣዎች የሞሉበት ጠርሙስ ይዞ ጤና ጣቢያ መጣና፣ ለታመሙ ሰዎች ስለ ዝርያ ልዩነት ረዥም ትምህርት ሰጠ። ሁሉም በጨዋ ደንብ አዳመጡት። በሳምንቱ ቀበሌ ተጠራን።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጥቶን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

"መምህር፣ 'በቤታቸው በሽታ ያራባሉ፣ በጠርሙስም ይዘው ይዞራሉ' ተብሎ ጥቆማ መጥቷል። እኔ አላመንኩም። ግን ጊዜውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ተነስቶ አሻጥር ነው ቢልስ?"

ባለቤቴ ስለ ዝርያው ሊጀምር አፉን ሲከፍት በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

በዚያ ዘመን ያቺ ቃል ከተነሳች በቀላሉ አትመለስም። ባለቤቴ በመንግሥት ቡና እርሻ ከሚሠራ ወዳጁ፣ ለቡና በሽታ የሚረጨውን ሰማያዊ የመዳብ መድኃኒት ለመነና በወረቀት ጠቅልሎ አመጣ። ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አንብቦ ነበር። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ማንኪያ ገንዳው ውስጥ በጠበጠ። "ለዓሣዎቹስ?" ብዬ ስጠይቀው "ትንሽ ነው፣ ይችሉታል" አለኝ።

ለምሳ ስንመለስ ቀንድ አውጣዎቹ ከሥር ተከምረዋል፤ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ባለቤቴ አንዷን ዓሣ በእጁ አንስቶ መልሶ ውኃው ውስጥ አስቀመጣት። ስንት ወር ጉልበቴ ላይ ስበላ የኖርኩ፣ ጫማዬን ሳላራግፍ የማላጠልቅ ሴት፣ አሁን ደግሞ አጽናኙ ሆንኩ። "ሌላ ታጠምዳለህ" አልኩት፤ እንዳያጠምድ እየጸለይኩ። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ሁሉንም አብረን ቀበርናቸው።

ገንዳው ታጥቦ እንደደረቀ ባለቤቴ ለትምህርት ቤቱ ሰጠው። ጎደሬ ሻጯ ጎረቤታችን በሚቀጥለው ጊዜ ልጇን ለክትባት ስታመጣ ጠየቀችኝ።

"ሲስተር፣ ሞቱ አሉ?"

"ሞቱ።"

"ዓሣዎቹም?"

"እነሱም።"

ከንፈሯን መጠጠች። "ምን አደረጓችሁ? ያምሩ ነበር እኮ" አለችኝ።

መርፌውን አዘጋጅቼ የልጁን ክንድ ያዝኩ።