ነፋስ ለምኜ የሸኘኋት

በእኛ በመንዝ መንገደኛ ሲሸኝ ዝም ብሎ «በሰላም ግባ» አይባልም። መራቂው አስቀድሞ ይጠይቃል። በየት በኩል ነው የምትሄደው? ማን አለ አብሮህ? የት የት ታድራለህ? ከዚያ ወንዙን በወንዝነቱ፣ ገደሉን በገደልነቱ እየጠራ፣ ወንዙ ይጉደልልህ፣ ቁልቁለቱ አያዳልጥህ፣ የምታድርበት ቤት እመቤት ደግ ትሁንልህ ይላል። ያልተጠራ ቦታ ያልተመረቀ ቦታ ነው ብለን እናምናለን። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬ አንድ ቦታ አላርፍ ያለኝ ሰው ነኝ። ለየንግሡና ለየጠበሉ ስዞር ከጊሼ ደጋ እስከ መርሐቤቴ ቆላ የማላውቀው ዳገት የለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ልጁ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድበት «እሷ ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ፣ መንገዱን ታውቀዋለች» ይላል።

የልጅ ልጄ ባሕር ልትሻገር የተነሣች ጊዜ ግን የማውቀው መንገድ አለቀብኝ።

እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት እንደቆየ፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ ጅቡቲ ወርዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። ዓመታት ሠርታ፣ በኅዳር፣ እኛ ገብስ እያጨድን ሳለ መጣች። ወፈር ብላለች፤ እጇ ግን የገበሬ እጅ መስሏል። መዳፏን ይዤ «ይሄ ሁሉ ከዕቃ ማጠብ ነው?» አልኋት።

«ከገመድ ነው» አለችኝ።

ነገሩን ቁጭ ብላ ነገረችን። አሠሪዎቿ ፈረንሳዮች ናቸው፤ ያረጁ ባልና ሚስት። የራሳቸው ጀልባ አለቻቸው፤ በሸራ የምትሄድ፣ ነፋስ የሚገፋት። በዕረፍት ቀናቸው ይዘዋት እየወጡ ሥራውን አስተምረዋታል። አሁን ኑሯቸውን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለች ደሴት ሊያዞሩ ነው፤ የሚሄዱትም በዚያችው ጀልባ ነው። ሁለት ሆነው ስለማይችሉት ሦስተኛ ሰው ፈለጉ።

«ወጥ እንድትሠሪላቸው ነዋ» አልኋት።

«ወጡንማ በየተራ ነው የምንሠራው። እኔን የፈለጉኝ ለመርከበኝነት ነው።»

«ነጮቹም በተራቸው ሊሠሩልሽ?»

«ይሠራሉ። ባልየው ሩዝ ያሳርራል እንጂ።»

ወንዱ ልጄ፣ የእሷ አጎት፣ ማጭዱን እየሳለ ይሰማ ነበር። ሳቁን ለቀቀው። «አገሪቱ ባሕሯን አጥታ ሰው ሁሉ ሲያዝን፣ ለካ አንቺ ብቻሽን ልታስመልሺ ኖሯል!»

«ጋሼ፣ ይሳቁ ግድ የለም» አለችው። «እኔ የመጣሁት ለእምዬ ምርቃት ነው። ካልመረቀችኝ አልሄድም። ለእነሱም እንዲሁ ብያቸዋለሁ።»

ልጄ ማጭዱን አስቀመጠ። «እንግዲያው ተገላገልን። እማዬ፣ እንዳትመርቂያት!»

እኔም ያን ዕለት አልመረቅኋትም፤ አልከለከልኋትምም። እንዴት ብዬ ልመርቃት? መንገዱን አላውቀው። «እስቲ መጀመሪያ ንገሪኝ» አልኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጨዳ ላይ፣ ውሃ ስንወርድ፣ ሱፍ ስንፈትል፣ ሥራዬ እሷን መጠየቅ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ለምርቃቱ ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን እውነቱን ለመናገር ነገሩ ራሱ ጣመኝ።

የጀልባዋን ርዝመት ከደጃፋችን እስከ በጎቹ ጋጣ ተራምዳ አሳየችኝ። ሦስት ሰው፣ ከነምግቡ፣ ከነመኝታው።

«ሲመሽስ የት ታስሯታላችሁ?»

«አትታሰርም። ሌሊትም ትሄዳለች። አንዳችን ነቅተን እንጠብቃለን፣ ሁለቱ ይተኛሉ፤ ከዚያ እንቀያየራለን።»

«እህል ከጭላዳ እንደምንጠብቀው ነዋ።»

«እንደሱ ነው። ከሚመጣ መርከብ ነው የምንጠብቀው።»

«ስትጸልዪስ ወዴት ትዞሪያለሽ?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«ጀልባዋ ብትዞርስ?»

«እኔም እዞራለኋ!»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ይዛው የመጣችውን ገመድ አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ሲጎትቱት የሚጠብቅ፣ ሲፈልጉት ግን በአንድ ጣት የሚፈታ ቋጠሮ ነው። ልጄ «እስቲ ይሄን ያዥልኝ» ብሎ የማይያዘውን ሙክቱን አመጣላት። አሰረችው። ሙክቱ ተንፈራገጠ፣ ተጎተተ፣ መጨረሻ ላይ ደክሞት ተኛ። ማታ ልጄን፣ ሰው ያየው ሳይመስለው፣ ቋጠሮውን በጠፍር ሲሞክር አየሁት። አልሆነለትም።

የነፍስ አባታችን ዘንድም ሄጃለሁ። ነገሩን ሲሰሙ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ብዙ አሰቡ። «ዓሣ አንበሪውን ታየዋለች?» አሉኝ።

«ሲተነፍስ ከሩቅ ያዩታል ብላኛለች፣ አባቴ።»

«ቅርብ ሲሆን ይሸታል?»

«ይህንን አልጠየቅኋትም።»

«ጠይቂልኝ» አሉኝ። ስለ ምርቃቱ ሳነሣባቸው ግን «እኔ እጸልይላታለሁ፤ መንገዱን እየጠሩ መመረቅ የአንቺ ነው። እሱን ከእኔ አትጠብቂ» ብለው መለሱልኝ።

ምርቃቱን ገና ሳላሰናዳ ስንቁን ጀመርሁ። ስንቅ ማዘጋጀትማ ማን ያስተምረኛል? ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ገብስ ቆላን፣ ወፍጮ ቤት አስፈጨን፣ በሶውን በስልቻ በስልቻ ጠቀጠቅን። ለወር መንገድ የሚሆን፣ የማይሻግት፣ የማይከብድ ስንቅ። ጨርሰን ጠራናት። የአንዱን ስልቻ አፍ ፈታች፤ አሸተተችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው? አልበሰለም?»

«እምዬ፣ ይህን በምን እበጠብጠዋለሁ?»

«በውሃ ነዋ!»

«በየትኛው ውሃ?»

ጎረቤቶቼ ሁሉ ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ። «ወር ሙሉ ውሃ ላይ ልትኖሪ አይደለም እንዴ?»

«ጨው ነው እኮ!»

ባሕር ጨው እንዳለው ሰምቻለሁ። አሞሌው ከዚያ ወገን እንደሚመጣም አውቃለሁ። ግን አሞሌው የሚቆረጠው ከዳር ነው ሲሉ ስለምሰማ ጨዋማው ዳር ዳሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መሐሉማ ጥልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው ብዬ ነዋ። በእኛ አገር በየዳገቱ ሥር ምንጭ አለ፤ መንገደኛ ምግቡን በትከሻው ይሸከማል፣ ውሃው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስንቃችን ሁሉ ደረቅ የሆነው ለዚሁ ነው። ለእሷ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሰውነታቸውን የሚታጠቡት በባሕሩ ነው፤ የሚጠጡትን ግን ከአገር ይዘው ይወጣሉ፤ ለያንዳንዳቸው እየተለካ ነው የሚሰጣቸው። ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ መለካት! ይህን ስሰማ ሳቄ ቆመ። ያን ቀን ማንም ሳያየኝ የእንስራዬን አፍ ከፍቼ ውሃውን ቁጭ ብዬ አየሁት።

በሶው አልተጣለም። ውሃ የማይጠይቅ እናድርገው ብለን በንጥር ቅቤ አሽተን ጭኮ አደረግነው፤ ለጾሟ የሚሆነውን ደግሞ ለይተን በኑግ ዘይት አሸነው። ያንን ቀምሳ «ይሄ ይሄዳል» አለች።

አሁን የቀረኝ ነፋሱ ነው። ከሁሉ ያስቸገረኝም እሱ ነበር። እኛ ስንመርቅ «ነፋስ አይንካሽ» ነው የምንለው። የደጋ ሰው ነን፤ ነፋስ ልጅ ያስላል፣ ቤት ይገልጣል፣ ውርጭ ይዞ ይመጣል። ይህን እንዳልላት፣ ነፋስ ካልነካትማ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም። ሞተር አለ፤ ግን ለወደብ መግቢያና መውጫ ነው እንጂ ለመንገዱ ነዳጁ አይበቃም። እንዳልተወው ደግሞ የመንገዷ ዋናው እሱ ነው። ነፋስ ይምጣብሽ ብዬ የልጅ ልጄን ልመርቅ? ከአፌ አልወጣ አለኝ። እሷም የመሄጃዋ ቀን ሲቀርብ መጠየቋን ተወች። አትጠይቀኝ እንጂ፣ እጄን እጄን ታየኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውድማ ላይ ነበርን። ገብሱ ተበራይቷል፤ ልጄ መንሹን ይዞ ሊያናፍስ ቆሟል፤ ነፋስ ግን የለም። ገለባውን ወደ ላይ ሲበትነው ተመልሶ ራሱ ላይ ይወርድበታል። ጥቂት ሞከረና እየተነጫነጨ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ።

«ምነው ትንሽ ነፋስ በሰጠን» አለ ወደ ሰማይ እያየ።

«ብዙ ቢመጣስ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ብዙማ ፍሬውንም ይዞብኝ ይሄዳል! የሚበቃኝን ነው እንጂ።»

«እኛም እንደዚሁ ነን። ካልመጣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ ከበዛ ሸራውን አጥፈን እናሳንሰዋለን።»

እኔ ይህን ስሰማ «እንዴ!» አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ አውድማ ላይ ነፋስ ስለምን ኖሬ የለ? በአፌ ነበር ቃሉ። ለሰው ብዬው ስለማላውቅ ብቻ ነው የጠፋኝ። ደስ ስላለኝ ይሆናል፣ እስከዚያን ቀን የሸሸሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ብትወድቂስ?»

ልጄም ዞር አለ። «በገመድ እንታሰራለን» አለች መጀመሪያ። ቀጥላም፣ «ሰው ከወደቀ ግን አንዱ ሥራውን ሁሉ ይተውና በጣቱ ብቻ ይጠቁማል። ሌላ ነገር አይነካም። ጀልባዋ እስክትዞር፣ የወደቀውን እያየ፣ እየጠቆመ ይቆማል።»

«በጣት ሰው ይድናል?» አለ ልጄ።

ተነሥታ ከአውድማው ዳር አንድ ዛላ ገብስ አነሣች። «ይዩልኝ» ብላ ገለባው ክምር ላይ ወረወረችው። «አዩት? አሁን ሙክቱን ዞር ብለው ይዩና ይመለሱ።»

ዞሮ አየ፤ ተመለሰ። ዛላው የለም። እዚያው ክምር ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም፤ ግን ሁሉ ቢጫ፣ ሁሉ ገለባ ነው። ልጄ ተነሣ፤ በእጁ ገላለጠ፤ ጎንበስ አለ። ይህን ጊዜ ነፋሱ መጣ። «ነፋሱ መጣልህ!» ስለው እንኳ መንሹን አላነሣም። ዛላዋን ይፈልጋል። ማናፈሱን እኔና እሷ ጀመርን። ከዚያ ወዲያ «አትመርቂያት» ሲል አልሰማሁትም።

የሄደች ቀን ስንቋን ልጄ ራሱ ተሸክሞ ሞላሌ ድረስ አወረደልን። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷ በመስኮቱ በኩል ወንበር አግኝታለች፤ አንገቷን አወጣችና ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ። እጄን ጭኜ ጀመርሁ።

«ነፋስሽ የአውድማ ነፋስ ይሁንልሽ፤ ፍሬና ገለባ የሚለይ እንጂ ፍሬ የሚበትን አይሁን።»

«አሜን» አለች። አጠገቧ ያሉትም አሜን አሉ።

«ውሃሽ ሳያልቅ አገር ይታይሽ። በተራሽ ስትነቂ ዓይንሽ አይክበድ። ቋጠሮሽ ሲይዝ ይጥበቅ፣ ሲፈታ ይፈታ። ከመርከብ ጋር አያላትምሽ፤ ዓሣ አንበሪውን ከሩቅ ያሳይሽ። እግርሽ አይክዳሽ፤ ቢከዳሽም የምትጠቁመዋን ጣት አያጥፍብሽ።»

አውቶቡሱ በሙሉ አሜን ይላል፤ ለምን እንደሚል ግን ግራ እንደገባው ፊቱ ላይ ይታያል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «እማማ፣ እኛ እኮ ደብረ ብርሃን ድረስ ነን! ዓሣ አንበሪ የለብንም!» አለኝ። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ዝም በል አንተ! ይመርቁ! ማን ያውቃል ቁልቁለቱ ላይ ያስፈልገን ይሆናል» አሉት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እኔም የጨረስሁ መስሎኝ እጄን ላነሣ ስል ልጄ ከጎኔ ጮኸ።

«መመለሱን! እማዬ፣ መመለሱን አላልሽም!»

እውነቱን ነው። መሄዷን ደሴቷ ድረስ ጠይቄ ጠይቄ፣ መመለሻዋን አንድ ቀን አንሥቼባት አላውቅም። «በየት ነው የምትመለሺው?» አልኋት መስኮቱን ይዤ እየተራመድሁ።

«አላውቅም እምዬ! ገና አልታወቀም!»

የማይታወቅ መንገድ እንዴት ይጠራል? አውቶቡሱ ፈጠነብኝ፤ መስኮቱን ለቀቅሁት። «በየትም ይሁን፣ ነይ!» አልሁ፤ ከዚያ ሌላ አልመጣልኝም። ከአውቶቡሱ ውስጥ «አሜን!» ሲሉ ተሰማኝ። ልጄም አለ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ከዳገቱ ላይ ስንደርስ «ለመሆኑ» አለኝ፣ «ከዚያ ደሴት ወደዚህ የሚነፍስ ነፋስ አለ?»

«በዓመት አንዴ ፊቱን ያዞራል ብላኛለች። ክረምት ሲገባ ነው ወደዚህ የሚነፍሰው።»

በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። «እንግዲያው ለሰኔ ትደርሳለች» አለ፣ ጉዞውን እሱ የጨረሰላት ይመስል።

ለዚያኛው ሰኔ አልደረሰችም። ለሚቀጥለው ነው የመጣችው።