እናቴ ያልነቀለቻት እንሰት

«መሬቱ ሳይታሰብ ተናደ» ሲባል አልወድም። ዲላ ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን አባባል ከተማሪ አፍ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይጠቁራል። መሬት ሳይናገር አይሄድም። የእኛማ ጓሮ ለሳምንታት ነው የለፈለፈው።

ቤታችን ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ በላይ፣ ዳገት ላይ ነበር። ከላይ ቡናው፣ ከጓሮ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በታች ገደሉ። ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አንድ ሚያዝያ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። መጀመሪያ ምንጫችን ደፈረሰ። ቀጥሎ የጓዳው በር አልገጥም አለ፤ አባቴ በመጥረቢያ ጠርቦ አስተካከለው፣ በሳምንቱ ደግሞ እምቢ አለ። ከዚያ ከጓዳውና ከእንሰቱ መሃል መሬቱ ተሰነጠቀ። እጄን ብሰድበት እስከ ክርኔ ገባ። አባቴ ሣርና ጭቃ ጠቀጠቀበትና ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል አለን። እሱ ራሱ ያመነበት አልመሰለኝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዕቃችንን ተሸክመን አጎቴ ቤት እንገባ ነበር። ያሰረን የታላቅ ወንድሜ ጉዳይ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቶ ነበር፤ ከእሱ በፊት ወደ ሰሜን ከተወሰዱት የሰፈራችን ልጆች ደግሞ አንድም የተመለሰ የለም። እናቴ ይህን አትረሳም። ስለዚህ ለገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር፣ ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ገደብ ከተማ ሄዷል፣ የት እንደገባ አናውቅም ተባለ። ልጁ ግን ከእንሰቱ መሃል፣ ቅጠሉ ተደራርቦ ቀኑም በሚጨልምበት ቦታ፣ በቀርከሃ በተቀለሰች ጎጆ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ምግቡን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ቅጠል ልቆርጥ የምሄድ መስዬ ቆጮውን ነጠላዬ ሥር እይዛለሁ። እሱ ደግሞ መቀለድ አይተውም፤ ጦር ሜዳ ብሄድ ኖሮ እንዲህ ፊቱን አኮሳትሮ የሚያበላኝ ሰው አይገጥመኝም ነበር ይለኛል።

አባቴ ዲላ ሱቅ ካለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ ነበር። ሰውዬው ወደ ሞያሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ነበረው። ሐሙስ ማለዳ መኪናው በጪጩ ሲያልፍ ወንድሜ ከመታጠፊያው ላይ ይሳፈራል፣ ከጆንያ መሃል ይደበቃል፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ይገባል። በዚያ ጠዋት ቁርስ አልወሰድኩለትም። ወርዷል ብለን ነው።

ረፋዱ ላይ መሬቱ ሄደ። እንደ ነጎድጓድ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም። መጀመሪያ ሥር ሲበጠስ ሰማሁ፣ ብዙ ሥር፣ አሮጌ አቡጀዲ ሲቀደድ ያለውን ድምፅ። ጓዳው በር ላይ ቆሜ ጓሮአችን ከእኔ ሲርቅ አየሁ። እንሰቶቹ አልወደቁም። ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ቅጠላቸው እየተወዛወዘ፣ ቁልቁል ወረዱ። ቀይ አፈር ተከተላቸው። ቤታችን ከጠርዙ ላይ ቀረ።

ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩም መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ወንድሙን ልጅ እንኳ ሳያዳላ መዝግቦ የላከ ሰው ነው። እናቴ ፊት ቆመ።

«እህቴ፣ የጎደለ ሰው አለ?»

አባቴ አፉን ሲከፍት አየሁት። እናቴ ቀደመችው።

«የለም። ሁላችንም አለን።»

ሰዉ እግዚአብሔርን አመስግኖ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ከናዳው ይልቅ ዛሬም በሕልሜ የሚመጣው የእነዚያ ሰዎች ጀርባ ነው።

እናቴን ምን ነካት እንዳትሉ። ወንድሜ ተሳፍሮ ከሆነ አንዲት ቃል በየኬላው ታስይዘዋለች፤ አባቴንም ደባቂ አስብላ ታሳስረዋለች። ካልተሳፈረስ? ይህን ጥያቄ ድምፁን አውጥቶ የጠየቀ በቤታችን አልነበረም። አባቴ ዲላ ሄዶ ነጋዴውን አነጋገረው። ሾፌሩ በዝናቡ ዘግይቶ ያለፈው ረፋዱ ላይ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ አንድ ልጅ ዘሎ ተሳፍሮ ከኬላው በፊት ወርዷል፣ ፊቱን ግን አላየሁም ብሏል አለው ነጋዴው። አባቴ ፊቱ ያልታየውን ልጅ የራሱ ልጅ አደረገው።

የወረደው አፈር ግን ዝም አላለም። ለቀናት ከውስጡ ሲያንኳኳ፣ ሲያጉረመርም፣ አንዳንዴም ሲያቃስት ይሰማን ነበር። ዛሬ ለተማሪዎቼ ምክንያቱን አስረዳለሁ፦ ውሃ የጠጣ አፈር እስኪረጋ ድረስ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ በውስጡ የታፈነው አየርና ውሃ መውጫ ሲፈልግ ድምፅ ያሰማል። ትክክል ነው። ይህን አስተምሬ ስጨርስ ግን ሰሌዳውን ለማጥፋት እቸኩላለሁ፤ ፊቴን እንዳያዩት ነው።

አፈሩ ሰው መሸከም ሲጀምር እናቴ ዶማዋን ይዛ ወረደች። እንሰቴን ሳይበሰብስ ላድን ነው አለች። ማንም አልከለከላትም፤ እንሰት የትም ይቁም የተከለችው ሴት ሀብት ነው። አንዱን ትነቅላለች፣ ከነቀለችውም ሥር ወገቧ እስኪጠልቅ ትቆፍራለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የጎረቤት ሴቶች መጀመሪያ አገዟት፣ በኋላ ተቆጧት። ይሄ ገና ልጅ ነው፣ የነገውን ዛሬ ነቅለሽ ከርሞ ምን ልትበዪ ነው አሏት። ስስት ነው ያሉም፣ አእምሮዋ ተነክቷል ያሉም ነበሩ። ደርግ ጸሎት ቤታችንን ካሸገ ወዲህ ከንፈር ሳይከፍቱ መዘመር ለምደን ነበር፤ እሷም እየቆፈረች እንደዚያ ትዘምራለች።

የነቀለችውን ሁሉ ፋቅን፣ በቅጠል ጠቅልለን ጉድጓድ ውስጥ ከተትን፣ ዓመቱን ሙሉ በላን። ያልደረሰ እንሰት ቆጮው ውሃ ውሃ ይላል። ከየትኛው አፈር እንደመጣ እያወቅሁ ዋጥኩት፤ እናቴ ፊት እጄን መሰብሰብ አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከወትሮው ቀድማ ተመለሰች። ዶማዋን አጥባ ሰቀለችው። ከመሃል አንዲት ለጋ እንሰት ብቻ ቀርታ ነበር። ለምን ተወሻት ስላት ለዘር ትሁን አለችኝ። ራት አቀረበች፣ ከእኛም ጋር በላች። ከዚያ በኋላ አልቆፈረችም። መዝሙሩም በዚያው ቀረ።

ከጠርዙ ርቀን ሌላ ቤት ሠራን። አባቴ ከሞያሌ መጣ የተባለን ሰው ሁሉ ሄዶ ይጠይቃል። ናይሮቢ ምግብ ቤት የሚሠራ የጌዴኦ ልጅ አይቻለሁ ያለ አንድ ሰው ተገኘ፤ አባቴ በዚያች ወሬ አንድ ክረምት ኖረ። እናቴ ታዳምጠዋለች፤ አይዞህ እንኳ አትለውም። ጨካኝ መሰለችኝ፣ ጠላኋትም። እሷ ግን በየጊዜው ፍግ ተሸክማ ወደዚያች እንሰት ትወርዳለች፣ ሌላ ሰው እንዲነካትም አትፈቅድም።

ደርግ በወደቀበት ዓመት እንሰቷ አበበች። አበባ እስክታወጣ የተተወች እንሰት ለባለቤቷ ነውር ናት፤ ከዚያ በኋላ ከእሷ ምግብ አይወጣም፣ ትደርቃለች። በዚያው ሰሞን የተበተኑ ወታደሮች በየመንገዱ ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር። አባቴ እነሱን ባየ ቁጥር ይጎለብታል። አሁን የሚያስፈራው ነገር የለም፣ ልጄ ይመጣል፣ ሲመጣ ቤት የሚሠራው ከታች ነው፣ አፈሩ ረግቷል አለ። ቦታውን ሊመነጥር ገጀራውን ይዞ ወደ እንሰቷ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። እናቴ ከኋላችን እየሮጠች መጣች፤ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በእሱና በእንሰቷ መሃል ገባች።

«ተው፣ ልጁ እዚህ ነው። ያኔ አግኝቼዋለሁ።»

አባቴ ገጀራውን እንደያዘ ቆመ። ለምን አልነገርሽኝም አላት።

«ብነግርህ ትጮህ ነበር። ብትጮህ ይወስዱህ ነበር።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን በአፈሩ ላይ ዘርግታ ጮኸች። ያን ሁሉ ዓመት ራት ሲቀርብ፣ ገበያ ሲኬድ፣ አባቴ ስለ ናይሮቢ ሲያወራ አንገቷ ውስጥ ይዛው የኖረችው ጩኸት ነው። አቀፍኳት፤ በጠላኋት ቀን ሁሉ አዘንኩ። ጎረቤት ለቅሶ መሆኑን አውቆ ዳገቱን እየሮጠ ወረደ። ከፊት የመጣው ያ የድሮው ሊቀመንበር ነበር፣ አርጅቷል። እናቴን ማናገር ቢያቅተው ወደ እኔ ዞረ።

ማን ነው የሞተው አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። መቼ ሲለኝ ናዳው በወረደ ዕለት ልለው ጀምሬ ተውኩት። ያ አፈር ለቀናት ሲያንኳኳ ነበር።