ማርቆስን ከኳስ ቤት ያባረራችሁ፣ ሻማውን አንሱት

ማርቆስ አረፈ ሲሉኝ «የትኛው ማርቆስ?» አልኩ። የማውቀው ማርቆስ አንድ ብቻ ነው።

አየር ጤና ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ የደወለችልኝ ባለቤቱ ነች። እሷ እያወራች እኔ አሁንም ሌላ ሰው እንዲሆን እጠብቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ የኳስ ዳኞችን ሲሳደብ ነው ትቼው የወጣሁት።

ለማታውቁት፣ ማርቆስ ቤቴል የስልክ መለዋወጫ ሱቅ የነበረው የሆሳዕና ልጅ ነው። ዓመታት ደቡብ አፍሪካ ሠርቷል። እዚያ ሱቁን ዘርፈው ሲያቃጥሉበት ይዞ የተመለሰው ነገር ቢኖር የራግቢ ፍቅር ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ራግቢው» ነበር የሚለው።

እኔ ራግቢ አልወድም። እንቁላል የሚመስል ኳስ ይዘው ሲደራረቡ ደስታው አይገባኝም። በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እሱ ደግሞ የእኛን ኳስ ይንቃል። አንዱ ተጫዋች ትከሻው ተነክቶ መሬት ላይ ሲንከባለል ካየ፣ ጨዋታ በምናይበት ኳስ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ብድግ ብሎ «ተነስ፣ ሳሩ አልጋ አይደለም» ይላል። የሚስቀው ይስቃል፣ የቤቲንግ ውርርድ የተበላው ይሰድበዋል።

ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ሲመጣ ሰዉ በክርን ሲገፋፋ እያየ «በራግቢ እንኳ እንዲህ አይደረግም፤ ዳኛ አለ» ይለኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ ግን ልንገራችሁ፣ የረሳችሁት ትመስላላችሁ።

የራግቢ ፍጻሜ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ትጫወታለች። ማርቆስ የኳስ ቤቱን ባለቤት ለምኖ ጥግ ያለችውን ትንሿን ቲቪ አስከፍቶ ቁጭ ብሏል። ትልቁ ስክሪን ላይ የእናንተ ጨዋታ አለ። ማንንም አልነካም። ቡድናችሁ ሲሸነፍ ንዴታችሁን እሱ ላይ ተወጣችሁት። አንዱ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው።

ማርቆስ «ምን አደረግኩህ?» አለ።

«አገርህ ሄደህ እይ» አለው።

ቤቱ ሳቀ። እኔ «ተዉ እንጂ» ብል የሰማኝ የለም። የኳስ ቤቱ ባለቤትም አብሮ ሲስቅ ቆይቶ «በቃ ማርቆስ፣ ደንበኞቼን አትረብሽብኝ፣ ውጣ» አለው።

ወጥተን በእግራችን ወደ ቀራንዮ አመራን። መንገድ ላይ ቆም ብሎ «ሱቄን ሲያቃጥሉትም ያሉኝ ይሄንኑ ነው። እዚያ በራሳቸው ቋንቋ ስለነበር ያን ያህል አልተሰማኝም። በአማርኛ ሲሆን ለካ ያማል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ጨዋታውን ሱቁ ውስጥ ብቻውን በስልኩ ነበር የሚያየው። ጉበቱን ታሞ ሲተኛ ከእናንተ መሃል ሄዶ የጠየቀው የለም። ይቅርታ ያለውም የለም።

ዛሬ ግን ገጻችሁ ሁሉ ሻማ በሻማ ሆኗል። «የሰፈራችን ፈርጥ»፣ «የኳስ ቤታችን ድምቀት»። እንዴት አታፍሩም?

ረፋዱ ላይ ደግሞ የኳስ ቤቱ ባለቤት ደወለልኝ።

«ፎቶውን ላክልኝ፣ ዛሬ ከጨዋታው በፊት ስክሪን ላይ እናወጣዋለን።»

«የትኛውን ፎቶ?»

«ከእኛ ጋር እየሳቀ የተነሳውን።»

«የሳቃችሁት እናንተ ናችሁ» ብዬ ዘጋሁበት።

ለቅሶ ቤት መምጣት አለመምጣታችሁ የእናንተና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። እኔ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ግን «እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ነበር» እንዳትሉኝ። መልስ አላጣላችሁም።

ማርቄ፣ ነገ አፈር ስናለብስህ እዚያው ነኝ። ባለቤትህ ከጠዋት ጀምሮ ፊቴን ታያለች፣ እንዳለቅስ ትጠብቃለች። አልመጣልኝም። ንዴቱ አላስለቅስ ብሎኛል። ሲበርድልኝ ቁጭ ብዬ አለቅስልሃለሁ። እስከዚያው ደህና ሁን፣ ወንድሜ።