አስቀድማ የምትቀምሰው

እኔ እስላም ነኝ፤ አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ከሚሴ ውስጥ ግን በጠዋት ከአረቄ ቤት ስወጣ ያላየኝ ሰው ቢኖር ዓይነ ስውር ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ እሷማ ለይቶላታል ይሉ ነበር። ይበሉ። ሥራዬ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በእኔም ደም ውስጥ ስላለ፣ ጤና ጣቢያው ኪኒን የሚያቋርጡ ሴቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንድደግፍ ቀጥሮኝ ነበር። ከሁሉም ያደከመችኝ ደግሞ ከአስፋልቱ ጀርባ አረቄ የምትሸጠው ሴት ናት።

ስትጠጣ ለጉድ ነው። ከጠጣች ኪኒኑን ትረሳዋለች፤ ነርሷም ጉበቷ ከእንግዲህ አይችልም፣ ካላቆመች ትሞታለች ብላኛለች። ይህን ስነግራት አትጣላኝም። «አካም ቡልቴ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ትለኝና በርጩማ አቅርባ ሥራዋን ትቀጥላለች። ጣጣው ሥራዋ ነው። በጠጪዎቹ ወግ ሻጯ ከመለኪያው ቀድማ ፉት ካላለች ደንበኛ አይጠጣም፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ከጨፋ ሮቢት ገበያ የሚመለሰው ከብት ነጋዴ፣ የመኪና ረዳቱ፣ አዳሩን ጨርሶ የሚመጣው ዘበኛ፣ ሁሉም ቅመሽልኝ ይላታል። ለዚህ አንድ ፉት፣ ለዚያ አንድ ፉት፤ እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ማለት ይኼ ነው። ገና ሳይረፍድ ምላሷ ይተሳሰራል። ሻይ ሽጪ አልኳት። ሞከረችው፤ የእሷ ደንበኞች ግን ሻይ ፍለጋ አይመጡም።

እንዲህ ስንጓተት ከረምን። ከዚያ ማን እንዳወራው እንጃ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቫይረሱ እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንዱ የዘወትር ደንበኛዋ፣ ልትቀምስለት መለኪያውን ስታነሳ እጇን የያዛት እኔ እዚያው ተቀምጬ ነው። «ተይው፣ አትቅመሽው» አላት። ከዚያ ወዲህ ቅመሽልኝ የሚላት ጠፋ፤ አንዳንዱም የራሱን መለኪያ በኪሱ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሰዉ አናደደኝ። ግን ወላሂ፣ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለምነው የኖርኩትን ነገር አላህ በሰው ክፋት በኩል አመጣው ብዬ። ደግሞም ሰሞኑን ሳትጠጣ አገኛት ነበር፤ ኪኒኗንም ትውጣለች።

አንድ ጠዋት ስገባ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው የለም። እሷ ብቻ ጠርሙሱን ከፊቷ አስቀምጣ ሰክራለች። ደሜ ፈላ። አሁን ማን አስገደደሽ፣ የሚያስቀምስሽ ሰው የለ ብዬ ጮህኩባት።

«ድሮ ከሰው ጋር ነበር የምጠጣው» አለችኝ። «አሁን ማን አብሮኝ ይጠጣል?»

ደክሞኝ ነበር። ኪኒኗን አውጥቼ፣ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠኋት፤ አልፈልግም ብላ ፊቷን አዞረች። ከደጅ ሁለት ሰዎች እያወሩ ሲያልፉ ቀና ብላ አየች፤ አልገቡም። ያኔ የውሃውን ብርጭቆ አነሳሁና ግማሹን ራሴ ጠጥቼ የቀረውን አቀበልኳት። ልቧ ይመለሳል ብዬ ነበር።

ብርጭቆውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«አንቺማ ያው እንደኔው ነሽ፤ አይቆጠርም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ኪኒኑን ግን ዋጠችው፤ እኔም ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።